የጀርመን ነገሥታት የሞት መታሰቢያ የብር ሳንቲሞች፦ ከየትኛው ልጀምር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ድሬስደን ነው። ንጉሥ ሲያርፍ ለመታሰቢያ ከተመቱት የብር ሳንቲሞች አንድ መግዛት እፈልጋለሁ። ያኔ የየራሳቸው ገዢ ከነበራቸው የጀርመን ግዛቶች የሳክሶኒ ይሻላል ወይስ የባደን? ከሱቅ ወይስ ከጨረታ?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ሳክሶኒ ተቀምጠህ ሩቅ አትሂድ። በ1902 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባረፉት በንጉሥ አልበርት ባለ 2 ማርክ (ማርክ የያኔው የጀርመን ገንዘብ ነው) ጀምር። ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ በዚያው ዓመት የተመታ፣ መልካቸው ያለበት ተራ ባለ 2 ማርክም አለ። ልዩነቱ ከአንገታቸው በታች ነው። መታሰቢያው ላይ የልደታቸውና የሞታቸው ቀን፣ ኤፕሪል 23 ቀን 1828 እና ጁን 19 ቀን 1902፣ በደቃቅ ፊደል ተቀርጿል። ሻጩ ይህን ቦታ አጥርቶ ካላሳየህ እለፈው።

ወንድማቸው ጊዮርግ የነገሡት ለ2 ዓመት ገደማ ብቻ ነው። በ1904 ሲያርፉ የተመታው ባለ 5 ማርክ ጥቂት ስለሆነ ለጀማሪ ዋጋው ይከብዳል። የባደኑ ታላቅ መስፍን የቀዳማዊ ፍሪድሪሽ ባለ 2 ማርክ (1907) እንደ ልብ ይገኛል። እኔ አብልጬ የምወደው ግን የሳክስ ማይኒንገኑን መስፍን የዳግማዊ ጊዮርግን ባለ 3 ማርክ ነው። ለቴአትር የኖሩት እኚህ ባለ ረጅም ጢም ሽማግሌ ያረፉት በጁን 1914፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ሳምንታት ሲቀሩት ነው፤ ሳንቲማቸው የተመታው በ1915፣ ጦርነቱ እየነደደ ነው።

ከሱቅ ግዛ። በጨረታ ካሸነፍክበት ዋጋ ላይ ኮሚሽን ይጨመራል፤ ለአንድ ባለ 2 ማርክ አያዋጣም። ሱቅ ውስጥ ሚዛን ጠይቅ፦ ባለ 2 ማርኩ 11.1፣ ባለ 3ቱ 16.7፣ ባለ 5ቱ 27.8 ግራም መመዘን አለበት፤ ሁሉም 90 በመቶ ብር ናቸው። የባለ 3ቱና የባለ 5ቱ ጠርዝ ዙሪያውን ጽሑፍ አለው፤ የባለ 2ቱ ጥርስ ብቻ ነው። ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ አሮጌ ሳንቲም ፈጽሞ አትግዛ፤ ውልወላው የቅርጹን ደቃቅ መስመር በልቶታል። ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊትም በከተማህ ቤተ መንግሥት ያለውን የሳንቲም ሙዚየም ጎብኝ፤ ዓይንህ ይለምዳል።

ሌላ ምላሽ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ጀርመን ገበያ ላይ 1780 የሚል ጠገራ ብር ስታይ የማርያ ቴሬዛ የሞት መታሰቢያ እንዳይመስልህ። ዓመቱ በእርግጥ ያረፉበት ነው፤ ሳንቲሙ ግን እርሳቸው ካለፉ በኋላም ለንግድ ሲባል በዚያው ዓመት ቁጥር እየተደጋገመ የተመታ የኦስትሪያ ገንዘብ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ስለሆነ በእጅ ሲያዝ ከባለ 5 ማርኩ አይለይም፤ ብሩ ግን 83.3 በመቶ ነው። ከአያት የወረስከው ካለ በክብር አስቀምጠው፤ ለዚህ ስብስብ ብለህ ግን አትግዛው።