የሕዝብ መንገድ በግል ይዞታ ካርታ ውስጥ ሲገባ ማን ይከሳል?

ሰላም ወገኖች፣ የመሬት ክርክር የምታውቁ እርዱን። ቦታው ደቡብ ወሎ፣ ቃሉ ወረዳ ነው። ከብት ወደ ወንዝ የሚወርድበትና ቅሬው (የቀብር ዕድሩ) አስከሬን ይዞ የሚያልፍበት መንገድ በአንድ ገበሬ የማሽላ ማሳ ዳር ይሄዳል። ስፋቱ 3 ሜትር ገደማ ነበር። አምና ጥቅምት ላይ በእሾህ ታጠረና አሁን የተጫነ አህያ እንኳ አያሳልፍም።

ችግሩ ካርታው ነው። ካርታው በተሠራበት በሁለተኛው የመሬት ልኬታ ለኪዎቹ መንገዱን ሳይለዩ ስለዞሩ ከማሳው ጋር ተጠቃሎ ገባ። ሰውዬው «ካርታዬ ላይ መንገድ የለም» ይላል፤ በወረቀቱ ከሄድን አልዋሸም። የመጀመሪያው አረንጓዴ የይዞታ ደብተር ግን በምሥራቅ አዋሳኙን «መንገድ» ይለዋል። አባጋሮች (የአካባቢው አስታራቂ ሽማግሌዎች) ሁለቴ አስቀመጡን፤ ቡናው ተጠጣ፣ እሾሁ አልተነሳም።

የ«ሁከት ይወገድልኝ» ክስ (በይዞታ መጠቀምን ያወከ ድርጊት እንዲቆም የሚጠየቅበት) በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 መሠረት በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (በክስ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል፤ የቀረን ጊዜ ዓመት አይሞላም። መንገዱ የማንም ይዞታ ካልሆነ ከሳሹ ማን ነው፣ ቀበሌው ወይስ ተጠቃሚው? ወይስ የካርታ ማስተካከያው ይቅደም? እሱን ስንጠብቅስ ይርጋው ይቆምልናል? ለማስተካከያውስ የድሮው ደብተርና የአዋሳኞች ምስክርነት ይበቃል?