ክረምት ሳይገባ፦ ቆርቆሮ ጣሪያና የመብራት መጥፋት (ደሴ)

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ቤቱ ደሴ ዳገት ላይ ያለ የጭቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። ሐምሌና ነሐሴ ሳይደርስ የቱን ላጥብቅ? መብራት ሄዶ ሲመለስስ ፍሪጁን እንዴት ላድነው?

መልስ 1፦ አብሽር፣ ከጣሪያው ጀምር። ንፋስ ቆርቆሮን የሚያነሳው በክፈፉ በኩል ገብቶ ነው። ስለዚህ ዳር ዳሩን አንድ ጉብታ እየዘለልክ፣ መሃሉን ሁለት እየዘለልክ ባለ ጎማ ሚስማር ምታ። ሁልጊዜ ጉብታው ላይ! ቦዩ ላይ ከተመታ ያፈሳል። ጎማው የተሰነጠቀውን ቀይር። ግን ቆርቆሮው ቢጠብቅም እንጨቱ ካልታሰረ ጣሪያው እንዳለ ይነሳል፤ ሞራሌውን (ቆርቆሮው የሚመታበትን አግዳሚ እንጨት) ከወጋግራው (ሞራሌውን ከሚሸከመው ተዳፋት እንጨት)፣ ወጋግራውን ከግድግዳው ቋሚ ጋር በድርብ ሽቦ እሰር። ድንጋይ መጫን ግን ይቅር፤ ከቆርቆሮው ጋር ተነስቶ ሰው ይመታል።

መልስ 2፦ አሸንዳውን ጥረግ። ከተደፈነ ውሃው በግድግዳው ላይ ወርዶ ጭቃውን ይበላዋል። ዳገት ስለሆነ ከቤቱ ጀርባ ጎርፉን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ቁፈር።

መልስ 3፦ መብራት እንደሄደ ፍሪጁንም ምጣዱንም ንቀል። ፍሪጅን የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ ሲመለስ ያለው የኃይል መዋዠቅ ነው። አንድ አምፖል ብቻ አብርተህ ተወው፤ ካልተርገበገበ 10 ደቂቃ ቆይተህ ሰካ። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ጠያቂው፦ አላህ ይስጥልኝ። ማታ ለሙቀት ከሰል ቢገባስ?

መልስ 3፦ በር ዘግቶ ፈጽሞ! ፍም የሆነው ከሰል ጭስ ባይኖረውም ሽታ የሌለው ጋዝ ያወጣል፤ ተኝተህ ሳለ ይገድላል።