ከጡት ስር የሚቆረጥ ቀሚስ ለሚዜ ይሆናል?

ቀዮ የፒያሳ
ሰላም ነው? የጓደኛዬ ሰርግ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ እኔ ሚዜ ነኝ። ፒያሳ ያለችው ሰፊያችን ወገቡን ከፍ አድርጌ ከጡት ስር ልቁረጠው፣ ከዚያ ወደ ታች ይለቀቅ ትለኛለች። እኔ አጭር ነኝ፣ ሆዴም ትንሽ ወጣ ይላል። እናቴ ፎቶውን አይታ "እርጉዝ ነው የምትመስይው፣ ሰው ምን ይላል" ብላ ዘጋችው። ደግሞስ ፋሽኑ አላለፈበትም? ጨርቁ ሳይቆረጥ ንገሩኝ በናታችሁ።

መርፌና ክር
እርጉዝ የሚያስመስለው ቁርጡ ሳይሆን ሽንሽኑ ነው። ፊት ለፊት ብዙ ከተሸነሸነ ሆድ ላይ ይነፋል። ፊቱን ለጥ አድርጋ ሽንሽኑን ወደ ጎንና ወደ ጀርባ ትውሰደው። ለአጭር ሰው ደግሞ ጥሩ ነው፣ እግር ያስረዝማል። ዋናው ልክ ነው፦ አንዳንድ ሰፊ የደረት ዙሪያ ብቻ ለክቶ ይተዋል፣ አንቺ ግን ከትከሻ በጡት ጫፍ በኩል እስከ ጡት ስር ያለውን ርዝመትና የጡት ስር ዙሪያውን ሳትለካ እንዳትለቂያት። የሰርጉን ቀን የምታደርጊውን ጡት መያዣ አድርገሽ ተለኪ። ስፌቱ ጡትሽ መሀል ላይ ከወጣ ቀሚሱ አለቀለት።

አሮጌ ፋሽን
አለፈበት ወይ ላልሽው፣ ይሄ ቀሚስ እኮ ሲያልፍበትና ሲመለስ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል 😄 ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1804 ንጉሠ ነገሥት ሲሆን ሚስቱ ጆሴፊን የምትለብሰው ይሄንኑ ነበር፣ ከጥንት ግሪክና ሮም ሐውልቶች የተቀዳ፣ ሙስሊን በሚባል ስስ የጥጥ ጨርቅ የሚሰፋ። በ1820ዎቹ ወገቡ ወደ ቦታው ወረደ፣ ኮርሴቱም (ወገብ የሚያጠብቀው የውስጥ ልብስ) ጠበቀ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ ዲዛይነሩ ፖል ፗሬ ኮርሴቱን አስወልቆ ይሄንን ቁርጥ መለሰው፣ በ1960ዎቹም እንደገና መጣ። ስለዚህ በፋሽን አታስቢበት፣ ካማረብሽ ልበሺው።

የሽሮ ሜዳ ደንበኛ
እኔ አልስማማም፣ እናትየው ልክ ናቸው። ጡቷ ትልቅ ለሆነ ሴት ጨርቁ ከዚያ ጀምሮ እንደ ድንኳን ነው የሚወርደው። በሐበሻ ቀሚስ ላይ ግን እወደዋለሁ። ብቻ ለሸማኔው ቀድመሽ ተናገሪ፣ ለጡት ስር ጠበብ ያለ ጥለት ለብቻው ካልሠራ ሰፊው ጥለት ይመጣና ደረትሽን ይውጠዋል። ሸማውም ሳሳ ያለ ይሁን። ለመልሱ አስቢበት።

ቀዮ የፒያሳ
ተባረኩ። ችግሩ ጨርቁ ሳቲን ነው፣ ሙሽራዋ ናት የመረጠችው።

መርፌና ክር
ወፍራም ነው ስስ? ስስ ከሆነ ታችኛውን በሰያፍ ትቁረጠው፣ ሰውነት ተከትሎ ይወርዳል፣ ጨርቅ ግን ይበላልና ጨምረሽ ግዢ። ወፍራም ከሆነ ፊቱ ላይ አንድም ሽንሽን እንዳታስገባ። ሳቲን ደግሞ ስፌት ሲፈታ የመርፌ ቀዳዳው ይታያል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በአቡጀዲ ሰፍታ ትለካብሽ።