የልብ ቀዶ ሕክምና ኢንፌክሽንን መከላከል ያዋጣል? ለፋይናንስ ክፍል እንዴት ላስረዳ?

ጥያቄ፦ የቁስል ነርስ

ሰላም ለሁላችሁ። የልብ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴ ውስጥም አለሁበት። ኮሚቴያችን አንድ ሐሳብ አቅርቧል። ታካሚው ቀዶ ሕክምና ከመግባቱ በፊት አፍንጫው ይመርመር። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ከተገኘበት ለ5 ቀን ሙፒሮሲን የተባለ የአንቲባዮቲክ ቅባት አፍንጫው ውስጥ ይቀባ፤ ገላውንም ክሎርሄክሲዲን በተባለ ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ይታጠብ። በቃ ይኸው ነው። ከፋይናንስ የመጣው መልስ ግን «ተጨማሪ ወጪ ነው፤ የሚመለሰውን ገንዘብ አሳዩን» የሚል ነው።

ቁስሉን የማጥበው እኔ ነኝ። ሰውየው ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል ትኩሳት ይጀምረዋል። ከስፌቱ መግል ይወጣል። ሲያስል እጄን ደረቱ ላይ ሳሳርፍ የተሰነጠቀው አጥንት ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ተመልሶ ኦፕሬሽን ክፍል ይገባል፣ አጥንቱን ያሰረው ሽቦ ይወጣል፣ የተበላሸው ሥጋ ይጠረጋል፣ ለሳምንታት በደም ሥር አንቲባዮቲክ ይወስዳል። የሚሞቱም አሉ። ይህን ሁሉ እንዴት አድርጌ ወደ ቁጥር ልቀይረው? በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ አግዙኝ።

መልስ፦ የሆስፒታል ወጪ ተንታኝ

እህቴ፣ ሥራዬ ይኸው ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ፋይናንሶቹ ለምን እንደማይታያቸው ልንገርሽ። ቅባቱና ምርመራው የሚገዛው ከፋርማሲና ከላቦራቶሪ በጀት ነው። ኢንፌክሽኑ የሚበላው ደግሞ የጽኑ ሕሙማን ክፍልን፣ የኦፕሬሽን ክፍልንና የአልጋ ቀናትን ነው። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኝተው አያውቁም። ስለዚህ ወጪው ይታያል፣ የዳነው አይታይም። ያንቺ ሥራ አንድ ወረቀት ላይ ማምጣት ነው።

በ2015 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት አለ። ከ4,300 በላይ የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን የሆስፒታል ሂሳብ ተከታትሏል። ከባድ ኢንፌክሽን የያዛቸው 2.8 በመቶ ብቻ ናቸው። ነገር ግን በእያንዳንዳቸው ላይ የወጣው ተጨማሪ ወጪ በአማካይ ወደ 38 ሺህ ዶላር ተጠግቷል። ግማሽ ያህሉ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። ቆይታቸው በ14 ቀን ረዝሟል። የዶላሩን ቁጥር እንዳለ ገልብጠሽ አታቅርቢ፤ የናንተ አይደለም ይሉሻል፣ እውነታቸውንም ነው። ቅርጹን ግን ውሰጂ፦ ጥቂት ሰዎች፣ ብዙ ቀናት፣ በጣም ውድ አልጋ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ ያህል በ1,000 ታካሚ 20 ሰው ጥልቅ የደረት ኢንፌክሽን ይይዘዋል እንበል። መከላከያው ወደ 12 ካወረደው 8 ሰው ድኗል ማለት ነው። ለ1,000 ሰው የከፈልሽውን ለ8 ስታካፍዪ፣ አንድ ኢንፌክሽን ለማስቀረት የ125 ሰው መከላከያ ወጥቷል። አንዱን ኢንፌክሽን ማከም ከዚያ በላይ የሚያስወጣ ከሆነ ሆስፒታሉ አተረፈ። አሁን ደግሞ መነሻው 20 ሳይሆን 5 ይሁንና ወደ 3 ይውረድ። ያው መከላከያ ለአንድ ኢንፌክሽን የ500 ሰው ወጪ ሆነ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የራሳችሁን መነሻ ቁጥር እወቁ። ያለሱ ማንም ሊያሳምን አይችልም።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንቀቅ በይ። «አንድ የአልጋ ቀን ይህን ያህል ያወጣል፣ 14 ቀን አተረፍን» ብለሽ ካባዛሽ ጎበዝ ፋይናንስ ይይዝሻል። የነርሷ ደመወዝ ታካሚው ቢኖርም ባይኖርም ይከፈላል። መብራቱም ያው ነው። በጥሬ ገንዘብ የሚመለሰው መድኃኒቱ፣ ፋሻው፣ ድጋሚ ኦፕሬሽኑ የጨረሰው ዕቃ ነው። ትልቁ ትርፍ አልጋው ነው። አልጋው ዋጋ የሚኖረው ደግሞ የሚጠብቅ ሰው ካለ ነው። በልብ ቀዶ ሕክምና ሁልጊዜ የሚጠብቅ ሰው አለ ማለት ይቻላል። «በጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ እጦት ስንት ቀዶ ሕክምና ተራዘመ?» ብለሽ መዝገቡን ጠይቂ። እኔ ሥራ አስኪያጆች ቀና ብለው ሲያዳምጡ ያየሁት ይህ ቁጥር ሲነሳ ነው።

አከፋፈሉንም እይ። ሆስፒታሉ በቀን የሚከፈለው ከሆነ ኢንፌክሽን ገቢ ያመጣለታል። መናገር ቢከብድም እውነት ነው። ለአንድ ቀዶ ሕክምና ቁርጥ ዋጋ የሚከፈለው ከሆነ ደግሞ ኪሳራው የራሱ ነው። የአሜሪካው የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ከባይፓስ (የተዘጋ የልብ ደም ሥርን በሌላ ደም ሥር የማለፍ ቀዶ ሕክምና) በኋላ ለሚመጣ የደረት ውስጥ ኢንፌክሽን ተጨማሪ መክፈል ያቆመው ከጥቅምት 2008 ጀምሮ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ከፋዩ እንዲህ ሲያደርግ የመከላከል ሐሳብ የነርስ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

መልስ፦ የማደንዘዣ ሐኪም

በተባለው ሁሉ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው፣ ከመግዛታችሁ በፊት ገንዘብ የማይጠይቀውን ጨርሱ። ኢንፌክሽን የሚከላከለው አንቲባዮቲክ፣ ሴፋዞሊን፣ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው 60 ደቂቃ ውስጥ ተሰጥቷል ወይ? ቀዶ ሕክምናው 4 ሰዓት ካለፈ ተደግሟል ወይ? ፀጉር የሚነሳው በምላጭ ነው ወይስ በማሽን? ምላጭ ቆዳውን ይቧጭራል፣ ባክቴሪያው እዚያ ይገባል።

ስኳሩንም አትርሱ። በአሜሪካ ፖርትላንድ ስኳር ያለባቸው ታካሚዎች ኢንሱሊን በተከታታይ በደም ሥር ሲሰጣቸው ጥልቅ የደረት ኢንፌክሽን ከ2.0 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ጥናቱ የወጣው በ1999 ነው። ኢንሱሊን ውድ አይደለም። ውዱ በየሰዓቱ ስኳሩን የሚለካ የነርስ እጅ ነው፤ ያንን በስሌቱ ውስጥ አስገቢው።

ደግሞ ከ48 ሰዓት በላይ «ለጥንቃቄ» የሚቀጥለውን አንቲባዮቲክ አቁሙ። አይጠቅምም። መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያና የአንጀት ኢንፌክሽን ያመጣል። ከዚያ የሚድነው ገንዘብ ራሱ የቅባቱን ወጪ ሊሸፍን ይችላል።

መልስ፦ የታካሚ ልጅ

ባለሙያ አይደለሁም። አባቴ በዚህ አልፏል። እናንተ የምትቆጥሩት የሆስፒታሉን ነው። እኔ ሥራዬን ትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እናቴ ቁስል ማሸግ ተማረች። ከሆስፒታል ወጥቶም ብዙ ጊዜ ብቻውን ከአልጋ መነሳት አልቻለም። ይህ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ የለም። እህቴ፣ ለእሱም አንድ መስመር ጻፊለት።

የቁስል ነርስ

እጽፋለሁ፣ ቃሌ ነው። አባትህን እግዚአብሔር ይማርልህ።

ዶክተር፣ ስለ ምላጩና ስለ ሰዓቱ የጠየቁት ልክ ነው፣ ከዚያ እንጀምራለን። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አንድ ሻጭ የደረት አጥንቱ ሥር የሚቀመጥ፣ ጄንታማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ያለበት ስፖንጅ አምጥቷል። አለቆቻችን ከቅባቱ ይልቅ እሱን ወደውታል። ምን ትላላችሁ?

የሆስፒታል ወጪ ተንታኝ

ማስረጃው ተከፍሏል። በ2005 የወጣው የስዊድን ጥናት በ2,000 ታካሚዎች ላይ የቁስል ኢንፌክሽንን ከ9.0 ወደ 4.3 በመቶ አውርዷል። በ2010 በአሜሪካ ስኳር ወይም ከልክ ያለፈ ውፍረት ባለባቸው 1,502 ታካሚዎች ሲሞከር ግን ልዩነት አልታየም። ለእያንዳንዱ ታካሚ ውድ ዕቃ ከማስቀመጥ በፊት እኔ ቅባቱን አስቀድማለሁ። በዚያው በ2010 በኔዘርላንድስ ባክቴሪያው አፍንጫቸው ውስጥ የተገኘባቸው ሰዎች ቅባትና የክሎርሄክሲዲን መታጠቢያ ሲሰጣቸው፣ በዚህ ባክቴሪያ የሚመጣው ኢንፌክሽን ከ7.7 ወደ 3.4 በመቶ ወርዷል።

ምርመራው ከቅባቱ የሚወደድ ከሆነ «ለሁሉም እንስጥ» የሚል ሰው ይመጣል። ለጊዜው ይረክሳል። ነገር ግን ባክቴሪያው ሙፒሮሲንን ከለመደ መሣሪያውን ታጣላችሁ። ባክቴሪያውን የሚሸከመው ከሦስት ወይም ከአራት ሰው አንዱ ስለሆነ ለተሸካሚዎች ብቻ መስጠቱ ይሻላል።

መነሻ ቁጥራችሁን ስትሰበስቡ ደግሞ ታካሚው ከወጣ በኋላም እስከ 90 ቀን ተከታተሉት፣ ደውሉለት። ብዙው የሚታየው ከወጣ በኋላ ነው፤ ሌላ ሆስፒታል ከሄደ ደግሞ የናንተ መዝገብ ላይ እንደዳነ ሰው ነው የሚቆጠረው።