የዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ከውጭ ይምጣ ወይስ ከዚሁ ይብቀል? (የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግሩፕ ክርክር)

ቲቸር፦ ሰላም ጎረቤቶች። ትናንት ታክሲ ሰልፍ ላይ የጀመርነው ክርክር ሳያልቅ ታክሲው መጣ (ለመጀመሪያ ጊዜ ቶሎ መጣ ብዬ የተናደድኩት ትናንት ነው) ስለዚህ እዚህ ላምጣው። ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነገር ከመጣ ወዲህ ፕሬዝዳንት ይወዳደር፣ ቦርድ ይምረጥ የሚል ነገር አለ አይደል? ታዲያ ውድድሩ ለዲያስፖራና ለውጭ ሰው ይከፈት ወይስ አይከፈት? እኔ በደንብ ይከፈት ባይ ነኝ። ቫርታን ግሪጎሪያንን እዩት። አርመን ነው፣ በፈረንጆቹ 1934 ኢራን ታብሪዝ ተወለደ፣ ገና በስድስት ዓመቱ እናቱ ሞተችበት፣ ያሳደገችው ማንበብ መጻፍ የማትችል አያቱ ናት፣ በአስራዎቹ ዕድሜ ብቻውን ቤይሩት ሄዶ በችግር ተማረ፣ በ1956 አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሁለት ዓመት ዲግሪውን ያዘ፣ በ1964 ዶክትሬቱን፣ ከዛ አስተማሪ፣ ዲን፣ ፕሮቮስት (ከፕሬዝዳንቱ ቀጥሎ ያለ የትምህርት ኃላፊ) እያለ ከ1989 እስከ 1997 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ሆነ። አንተ ስደተኛ ነህ ብለው በር ቢዘጉበት ተጎጂው ማን ነበር?

ባለ ሱቋ ብሎክ 19፦ ቲቸር ደሞዙስ? በብር ከሆነ የሚመጣ ዲያስፖራ የለም፣ በዶላር ከሆነ ደግሞ እዚህ ያለው መምህር ምን ይላል 🤔

የኮዬ ልጅ፦ ቲቸር አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ ምሳሌዎት እርስዎኑ ነው የሚመታዎት። ግሪጎሪያን እኮ ከውጭ መጥቶ ወንበር ላይ አልተቀመጠም። በ1956 ተማሪ ሆኖ ገባ፣ ፕሬዝዳንት የሆነው በ1989፣ መሀል ላይ 33 ዓመት አለ! ሳንፍራንሲስኮ አስተምሯል ቴክሳስ አስተምሯል፣ ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1974 የመጀመሪያው የአርትስ ኤንድ ሳይንስ ዲን ሆኗል፣ የፈተና ወረቀት አርሟል፣ ስብሰባ ላይ አንቀላፍቷል (ይሄን ገመትኩ ሃሃ)። እርስዎ የሚሉት ዲያስፖራ ግን ሻንጣውን ይዞ ቦሌ ወርዶ በሳምንቱ ቢሮ ሊገባ ነው፣ ዶርም ውስጥ ውሃ በፈረቃ እንደሆነ እንኳን ሳያውቅ። ስለዚህ ሰውዬው ትውልዱ የውጭ ይሁን እንጂ ያበቀለው እዛው ነው።

ጋሽ ጡረተኛ፦ ልጆች ታሪኩን ረስታችሁታል። የኛ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም ሲከፈት መሪው ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ፣ የኢየሱሳውያን ቄስ። ቄስ ሆነው ግን ቀሚስ አልለበሱም፣ ጃንሆይ ሚሲዮናዊ መስለው እንዲታዩ ስላልፈለጉ ሁሉም በኮትና ሱሪ ነበር የሚያስተምሩት። ደግሞ አንተ የኮዬ ልጅ ያልከው ነገር እሳቸውም ላይ ይሠራል፣ ማት ኮሌጁን ከመያዛቸው በፊት ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን መርተዋል፣ ልጆቹን ያውቋቸዋል። ከዛ በኋላ ነው ኢትዮጵያውያኑ ፕሬዝዳንቶች እነ ካሳ ወልደማርያም፣ እነ አክሊሉ ሀብቴ የመጡት። ለነገሩ አርመን ስትሉ ትዝ አለኝ፣ ራስ ተፈሪ በፈረንጆቹ 1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችስ? የሙዚቃ መሪያቸው ናልባንዲያን አይደሉም እንዴ የንጉሡን ዘመን መዝሙር ዜማ የሠሩልን? እኛም ስደተኛ አርመን አብልተን ተጠቅመናል።

ጊቢ ነኝ፦ ጋሼ 🙌 ቅርቡንስ ለምን እንተዋለን፣ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ጀርመናዊ ፕሬዝዳንት ነበረ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ኮሪያዊ። ሰው የሚያወራው እንደ አዲስ ነገር ነው። በነገራችን ላይ እኔ ፕሬዝዳንት ከማርስም ይምጣ ዋይፋይ ይሥራልኝ።

ቲቸር፦ ጊቢ ነኝ ሳቅ አታድርገው። የኮዬ ልጅ፣ 33 ዓመት ያልከው ልክ ነው ግን አንድ ነገር ዘለልክ። በ1980 የፔንሲልቫኒያ ፕሬዝዳንትነት ለሱ ነው ሲባል፣ እሱም በርክሌይ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) እንድትመራን ያሉትን እምቢ ብሎ ሲጠብቅ፣ ለሌላ ሰው ሰጡት። በንዴት ፕሮቮስትነቱን ለቀቀ። ዲንነትና ፕሮቮስትነት ሰጥተውት የመጨረሻዋ ወንበር ላይ ሲደርስ ተዘጋበት ማለት ነው። ቅላጼው ነው ስሙ ነው እኔ አላውቅም፣ ግን እኔ ቤት ይሄ ይሸተኛል። ከዛ የት ሄደ? ኒውዮርክ ፐብሊክ ላይብረሪ! የገንዘብ ችግር አድቅቆት ሰዓቱ ተቀንሶ፣ ሕንፃው ቆሽሾ ነበር። ከ1981 እስከ 1989 ባለው ጊዜ 327 ሚሊዮን ዶላር አሰባስቦ አቆመው። ብራውን ደግሞ ከ500 ሚሊዮን በላይ። ባለ ሱቋ የደሞዝ ነገር ላነሳሽው፣ እንዲህ የሚያመጣ ሰው ደሞዙ አያከራክርም።

ባለ ሱቋ ብሎክ 19፦ እሱማ የሀብታም አገር ሀብታም ነው የለመነው። እዚህ ማንን ሊለምን ነው፣ እኔን? እኔ ራሴ ዱቤ ደብተር ይዤ ነው የምዞረው 😂 በዛ ላይ ይሄ ሰውዬ ለአፍሪካ ምን ሰጠ?

ቲቸር፦ ጥሩ ጥያቄ። ከ1997 ጀምሮ እስከሞተበት 2021 የካርኒጊ ኮርፖሬሽን (ለትምህርት ገንዘብ የሚለግስ የአሜሪካ ድርጅት) ኃላፊ ነበር። በ2000 ከፎርድ፣ ከሮክፌለርና ከማካርተር ፋውንዴሽኖች ጋር ሆነው የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ለመደገፍ ጥምረት ፈጥረው ዘጠኝ አገር ረዱ፣ ጋና፣ ናይጄሪያ፣ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳ፣ ኬንያ አሉበት። ኢትዮጵያ የለችም። ይሄን ሳነብ እውነቱን ልንገራችሁ ከፋኝ።

የኮዬ ልጅ፦ ይኸው! ጎረቤታችን ኬንያ ካለችበት እኛ የቀረነው የሚለምንልን ፕሬዝዳንት ስላጣን ነው ሊሉ ነው አይደል? እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። ካርኒጊ በሱ ጊዜ ለአፍሪካ ዲያስፖራ ምሁራንም ፌሎውሺፕ ነበረው፣ ከአሜሪካና ከካናዳ ሄደው አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለጥቂት ሳምንት ወይ ለወራት አብረው ይሠራሉ፣ ያስተምራሉ፣ ተማሪ ያማክራሉ። ሰውዬው ራሱ እንኳን ዲያስፖራን ቀጥታ ፕሬዝዳንት አድርጉ አላለም፣ ከታች ግቡ ነው ያለው።

ጋሽ ጡረተኛ፦ ይቺ ትመቸኛለች።

ቲቸር፦ ከታች ይግባ ስትለኝ እኮ ከታች ሊገባ ሲመጣ ዲፓርትመንቱ የትኛው ወገን ነህ ብሎ ነው የሚቀበለው፣ መጀመሪያ እሱን ጥሩት። የማውቀው ሰው አለ፣ ስሙንም ጊቢውንም አልጠራም፣ 12 ዓመት ውጭ አስተምሮ መጥቶ ስምንት ወር ዶክመንቱ ይረጋገጥ ተብሎ ቢሮ ለቢሮ ዞረና ትኬቱን ቆርጦ ተመለሰ። ከታች እንዳይገባ አድርገህ ከላይም አይግባ ካልክ በቃ አይምጣ በል!

የኮዬ ልጅ፦ አይምጣ አላልኩም። እሺ እንስማማ፣ ይምጣ ግን መጀመሪያ አምስት ዓመት እዚሁ ያስተምር፣ ዲፓርትመንት ይምራ፣ ተማሪ ይወቀው፣ ከዛ ይወዳደር። ዶክመንቱን ደግሞ በአንድ ወር ይጨርሱለት።

ባለ ሱቋ ብሎክ 19፦ በብር 😏

ቲቸር፦ አምስት ይበዛል። ሦስት።

የኮዬ ልጅ፦ አራት። ከዚህ አልወርድም ቲቸር።

ጊቢ ነኝ፦ ሽንኩርት ነው እንዴ የምትገዙት 😂😂