ጄሌ ከሰዓት በኋላ ለምን ነጭ ይሆናል? የያዘውንስ ለምን አይለቅም?

ጠያቂ (ድሬዳዋ)
ሰላም ወገኖች። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ ቢስፌኖል ኤ የሚባለውን ኬሚካል ከውሃ ለማውጣት እየሞከርኩ ነው። የፕላስቲክና የኢፖክሲ ጥሬ ዕቃ የሆነው ማለቴ ነው። የምጠቀመው ሲሞቅ የሚኮማተረውን ፒኒፓም የሚባል ፖሊመር ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሠራሁት ጄል እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ በዚያው ልክ የሠራሁት ግን እንደ እርጎ ነጭ ይሆናል፤ ስነካው ይፈረፈራል። ሌላም አለ። ቢስፌኖሉን ከያዘ በኋላ በሙቅ ውሃ ባጥበው ባጥበው አይለቅም። ሞኖመሩ (ፖሊመሩ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ) ውድ ነው፣ የቀረኝም ትንሽ ነው። እባካችሁ።

መልስ 1
አይዞህ ወንድሜ። ከሰዓት ቤተ ሙከራው ውስጥ ስንት ዲግሪ ነበር?

ጠያቂ
34። ማቀዝቀዣ የለንም።

መልስ 1
በቃ፣ እሱ ነው። ፒኒፓም 32 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ውሃውን ይተፋል። አንተ ደግሞ ገና ሲሠራ ከዚያ በላይ አስገብተኸዋል። በዚያ ላይ ሪአክሽኑ ራሱ ሙቀት ያወጣል። ቢከሩን የበረዶ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው፣ ቴርሞሜትሩንም አጠገቡ ሳይሆን ድብልቁ ውስጥ ክተተው። ከ20 በታች ያዘው። ኢኒሼተሩን (ሪአክሽኑን የሚያስጀምረውን) ከመጨመርህ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ናይትሮጅን አሳልፍበት፤ ኦክስጅን ካለ ሪአክሽኑ ይዘገያል።

መልስ 2
እጥበቱን ገልብጠኸዋል። ይህ ጄል ሲሞቅ ውሃ ይጠላል። ስለዚህ እንደሱ ውሃ የማይወደውን ቢስፌኖል አጥብቆ ይይዛል። በሙቅ ውሃ ስታጥበው ይበልጥ ያዝልኝ እያልከው ነው። በ40 ዲግሪ አስይዘው፣ በ15 እጠበው። ሲቀዘቅዝ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ የያዘውንም ይለቃል። ስታሞቀው ደግሞ ቀስ በል። ትልቅ ቁራጭ ባንዴ ከሞቀ ላዩ ቆዳ ያወጣና ውሃው ውስጡ ይታሰራል። በትንንሹ ቆራርጠው።

መልስ 3
ወንድሜ፣ እኔ የምፈራልህ ሌላ ነገር ነው። ጄሉን ስንት ቀን አጠብከው? ሳይያያዝ የቀረው ሞኖመር ራሱ መርዛማ ነው። ውሃ አጸዳለሁ ስትል ሌላ መርዝ እንዳትጨምርበት። ቀዝቃዛ ውሃ እየቀያየርክ ቀናት አቆየው። ከዚያ ምንም ያልያዘ ጄል ንጹህ ውሃ ውስጥ አድርገህ ውሃውን ቢስፌኖሉን በምትለካበት የብርሃን መለኪያ (ስፔክትሮፎቶሜትር) በ276 ናኖሜትር አንብብ። ንባብ ካሳየህ የምትለካው ቢስፌኖል ብቻ አይደለም። የቀዝቃዛውን እጥበት ውሃ ደግሞ ሲንክ ውስጥ አትድፋ። ጄሉ ቢስፌኖሉን አላጠፋውም፤ ከብዙ ውሃ ወደ ትንሽ ውሃ አዛወረው እንጂ። በጠርሙስ ለይተህ ጻፍበት።

መልስ 1
ልክ ነሽ እህቴ፣ ይህን ዘልዬዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ማቅለሚያ ፋብሪካ ፍሳሽ ከተሻገርክ ጨው ይበዛል፤ ጨው ደግሞ ያን 32 ወደ ታች ያወርደዋል። ድሬ ላይ ጄሉ ጠዋትም ተኮማትሮ ሊጠብቅህ ይችላል። አስቀድመህ በዚያው ፍሳሽ ፈትነው።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ዛሬ 9 ሰዓት ላይ በበረዶ ሠራሁት። በጄሉ በኩል የደብተሬ መስመር ይታያል። አሁን እጥበት ላይ ነው፤ ውሃውን ጠዋትና ማታ እቀይራለሁ።