የ127 ሚሊ ሜትሩ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጥገናና የሥምሪት ሐሳብ (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ

ለጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚህ እናብስለው። ጉዳዩ መጋዘን ውስጥ ያለው ሞዴል ታንክ ሎኮሞቲቭ ነው፦ የሐዲድ ስፋቱ 127 ሚሊ ሜትር፣ ስድስት የተጣመሩ መንኮራኩሮች፣ በውጭ በኩል 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ሲሊንደሮች፣ ተንሸራታች ቫልቭ፣ የመዳብ ቦይለር፣ ነዳጁ የድንጋይ ከሰል። ቦይለሩ ላይ የተመታው የሥራ ግፊት 5.5 ባር ነው። የፈተና ወረቀት የለውም።

በመጀመሪያው ረቂቅ የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ መፍታትና ማጽዳት፣ የተበሉ ክፍሎችን መቀየር፣ በታመቀ አየር ማስኬድ፣ ቀለም መቀባት፣ በመጨረሻ የቦይለር ፈተና። የማትስማሙበትን ቁረጡ።

ቦይለር ፈታሽ

ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ይጻፍ። ቦይለሩ የማይድን ከሆነ በፒስተንና በቀለም ላይ የወጣው ሁሉ ከንቱ ነው። አዲስ ቦይለር ማሠራት ደግሞ የሌላው ጥገና ወጪ ተደምሮም የማይደርስበት ሸክም ነው። ስለዚህ ምዕራፍ አንድ ቦይለሩን ማውረድ፣ ማጽዳትና በውሃ ግፊት መፈተን ብቻ ይሁን። ከዚያ በፊት ለሌላ ነገር ገንዘብ አይጠየቅ።

የፈተናው አካሄድ በሐሳቡ ውስጥ በግልጽ ይስፈር፦

ሴፍቲ ቫልቩ፣ የውሃ መለኪያ ብርጭቆው፣ ኢንጀክተሩ (በእንፋሎት ኃይል ውሃ ወደ ቦይለር የሚያስገባው) እና ቼክ ቫልቮቹ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉት) ሁሉ ይወልቃሉ፤ ቀዳዳዎቹ በነሐስ መዝጊያ ይዘጋሉ። ቦይለሩ ውሃ እስኪተርፈው ይሞላል። አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ከፍተኛው ቦታ ላይ መሆን አለበት፤ ውስጥ የቀረ አየር እንደ ስፕሪንግ ተጠቅጥቆ ኃይል ያከማቻልና። ውሃው የክፍሉን ሙቀት የያዘ ይሁን፤ ከቀዘቀዘ መዳቡ ላይ ጤዛ ይይዝና ሲያፈስ ከማላብ መለየት ያቅታል። ግፊቱ በእጅ ፓምፕ አንድ አንድ ባር እየተጨመረ 8.25 ባር ይደርሳል፤ ይኸውም የሥራ ግፊቱ 1.5 እጥፍ ነው። እዚያ ላይ 30 ደቂቃ ይቆያል። ግፊቱ የሚነበበው በሁለት ማኖሜትር ሲሆን አንዱ ከፈተናው በፊት ከታወቀ መለኪያ ጋር የተመሳከረ መሆን አለበት። የምድጃው ጣሪያና ጎኖች ከፈተናው በፊትና በኋላ በቀጥታ ማስመሪያ ይለካሉ፤ ያበጠ ቦታ ከተገኘ ባያፈስም ወድቋል።

በታመቀ አየር መፈተን ፈጽሞ አይፈቀድም ተብሎ ይጻፍ። ምክንያቱም ይታከልበት፦ በ5.5 ባር ውስጥ ያለው ውሃ 162 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ቦይለሩ ቢቀደድ ከውሃው 11 በመቶ የሚበልጠው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱም ከነበረበት የውሃ ይዘት ከ1,500 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። የታመቀ አየርም እንደ ስፕሪንግ ያከማቸውን ኃይል በአንዴ ይለቃል። ቀዝቃዛ ውሃ ግን ሲቀደድ ይረጫል እንጂ አይፈነዳም። ደካማ ጎን ካለ በውሃ ይታወቅ።

ቶርኒተሩ

ቦይለሩ ይቅደም፣ ልክ ነው። ግን ከመፈታቱ በፊት አንድ ቀን በ2 ባር አየር ብናዞረው ምን መቀየር እንዳለበት ይነግረናል። አየሩ በቦይለሩ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ወደ እንፋሎት መግቢያው ቱቦ ይገባል። ቦይለር ፈታሹ የከለከለው ቦይለሩን በአየር መፈተን ስለሆነ የሚጋጭ ነገር የለም።

ምርመራው ቀላል ነው። ክራንኩ ምት አጋማሽ ላይ ሲሆን መንኮራኩሩን እንቆልፋለን፤ ማርሹን (የጉዞ አቅጣጫ መቀየሪያውን) ሙሉ ወደፊት አድርገን የዚያን ሲሊንደር ሁለቱንም ማፍሰሻ ቧንቧዎች እንከፍታለን። አየር ከአንዱ ጫፍ ብቻ ከወጣ ደህና ነው። ከሁለቱም ከወጣ ፒስተኑ ያስተላልፋል። ቀጥሎ ማርሹን መሀል ላይ አድርገን ቫልቩ ሁለቱንም ወደቦች እንዲሸፍን እናደርጋለን፤ አሁንም በማፍሰሻው አየር ከወጣ ጥፋቱ የቫልቩ ፊት ነው። የቫልቩ ፊት ወፍራም መስተዋት ላይ በተለጠፈ ባለ 600 የብርጭቆ ወረቀት፣ ዘይት ተቀብቶ፣ በስምንት ቁጥር እንቅስቃሴ ይስተካከላል። ግራጫው መልክ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሲሆን ሥራው አልቋል። ሞረድ አይነካው።

የጥርስ ነገር ደግሞ ችላ እንዳይባል። የድሮ ሞዴሎች ብዙ ጊዜ በቢኤ (የድሮ የብሪታንያ የብሎን ልክ) ጥርስ የተሠሩ ናቸው። 2 ቢኤ ዲያሜትሩ 4.7 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ እርምጃ 0.81 ነው፤ በሜትሪክ ልክ ያለው ኤም 5 ደግሞ 5.0 እና 0.8። እርምጃቸው ተቀራራቢ ስለሆነ የኤም 5 ዳዶ 2 ቢኤ ብሎን ላይ ላላ ብሎ ይገባል፤ ያየው ሰው ጥርሱ የተበላ ይመስለዋል። ሲጠብቅ የያዘ ይመስላል፣ ሲንቀጠቀጥ ይላቀቃል። በተቃራኒው የኤም 5 ብሎን 2 ቢኤ ቀዳዳ ውስጥ በግድ ከገባ ነሐሱን ይቆርጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መፍትሔ ሰፋ አድርጎ መበሳትና ቡሺንግ (ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ቀለበት) ማስገባት ነው። ስለዚህ፦ ማንኛውም ብሎን በማይክሮሜትርና በጥርስ መለኪያ ሳይለካ ምትክ አይገዛለትም።

ገንዘብ ያዥ

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ የቦይለሩ ዕጣ ሳይታወቅ ጉባኤው ስንት እንዲያጸድቅ ነው የምንጠይቀው? ሁለተኛ፣ ፈተናው «ትንሽ ያፈሳል» ቢል ምን እናደርጋለን? ይሄ በግልጽ ካልተጻፈ ስብሰባው ላይ ሰው በስሜት ነው የሚወስነው።

ቦይለር ፈታሽ

ለመጀመሪያው፣ ሐሳቡን ለሁለት እንክፈለው። ጉባኤው አሁን የሚያጸድቀው ምዕራፍ አንድን ብቻ ነው፤ ምዕራፍ ሁለት የፈተናው ውጤት ተያይዞ በሌላ ስብሰባ ይቀርባል።

ለሁለተኛው፣ የሚያፈሰው ቦታ ይወስናል። የተሰካ ዕቃ ጥርስ ላይ ወይም መዝጊያ ሥር ከሆነ ጉድለት አይባልም፤ ተጠግኖ ይደገማል። የጭስ ቱቦ ጫፍ ወይም የምድጃ መወጠሪያ ብሎን (የምድጃውን ግድግዳ ከቦይለሩ ውጫዊ ግድግዳ ጋር የሚያስረው) ራስ ላይ ጠብታ ከታየ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው በምን እንደተበየደ ነው። የብር ብየዳ ከሆነና ሌላ ነገር ካልነካው፣ ቦይለሩ ታጥቦና በአሲድ ጸድቶ እንደገና ሊበየድ ይችላል፤ የብር ብየዳው እንደ ቅይጡ ከ600 ዲግሪ በላይ ነው የሚቀልጠው። አስቸጋሪው ስታኞ ነው። በድሮ ቦይለሮች ላይ የሚያፈሱ መወጠሪያዎችን በስታኞ መድፈን የተለመደ ነበር። የተለመደው የቆርቆሮና የእርሳስ ስታኞ ከ183 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣል፤ ከውሃው ሙቀት ጋር ያለው ልዩነት 21 ዲግሪ ብቻ ነው። ውሃ ጥቂት ቢጎድል ቀልጦ ይወርዳል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ስታኞ በነካው መዳብ ላይ የብር ብየዳ አለመያዙ ነው፤ ሲሞቅ እርሳሱ መዳቡን ይበላል። ሙሉ በሙሉ ተፍቆ መጽዳት አለበት፣ ምድጃው ውስጥ ደግሞ እጅ አይደርስም።

ስለዚህ ይህን አንቀጽ ጨምሩ፦ መወጠሪያዎቹ ላይ ስታኞ ከተገኘና ከሦስት በላይ መወጠሪያ ካፈሰሰ ቦይለሩ ለጥገና አይቀርብም፣ አዲስ ይሠራለታል። «ሦስት» ያልኩት የእኔ ፍርድ ነው፤ የተሻለ መስፈሪያ ያለው ያምጣ። መዋቅራዊ ብየዳ የተነካ ቦይለር እንደ አዲስ ተቆጥሮ በ2 እጥፍ፣ በ11 ባር ይፈተናል።

የናስ ዕቃ ቦይለሩ ላይ ከተገኘ (ቡሺንግም ሆነ መዝጊያ) ሳይፈተንም ይጣል። በሙቅ ውሃ ዚንኩ ተለይቶ ይወጣና ቀይ ስፖንጅ የመሰለ መዳብ ይቀራል፤ ላዩን ደህና ይመስላል፣ በቁልፍ ሲጠመዘዝ ይሰበራል። ነሐስ ብቻ።

እሳት አንዳጅ

ከሁሉም በፊት፦ የቦይለሩ ጃኬት ሥር ያለው መጠቅለያ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) ሊሆን ይችላል። በድሮ ሞዴሎች ላይ የመጠቅለያም የፓኪንግም ዕቃ እሱ ነበር። ግራጫ ወይም ነጭ ቃጫ መሰል ነገር ከታየ ሥራው ይቁም፣ ናሙና ላቦራቶሪ ይሂድ። በደረቁ መፋቅ፣ በአየር መንፋት፣ በብሩሽ መጥረግ የለም። የማጽጃው ወጪ ምዕራፍ አንድ ውስጥ ይካተት፤ የገንዘብ ያዣችን ሠንጠረዥ ላይ አላየሁትም።

የውሃ ጉዳይ። ረቂቁ ኢንጀክተሩን «ይጠገን» ይላል፣ ስለ እጅ ፓምፑ ዝም ብሏል። ታንክ ሎኮሞቲቭ ነው፤ ውሃው የሚቀመጠው ቦይለሩ ጎን ስለሆነ እየሞቀ ይሄዳል። ከ40 ዲግሪ ካለፈ ኢንጀክተር ያስቸግራል፦ እንፋሎቱ ለመቀዝቀዝ በቂ ቅዝቃዜ አያገኝም፣ ውሃው ወደ ቦይለር ከመግባት ይልቅ በትርፍ ማፍሰሻው ይወጣል። ስለዚህ ራሳቸውን የቻሉ ሁለት የውሃ መመገቢያዎች ይሥሩ፣ አንዱ የእጅ ፓምፕ ይሁን፣ በሙሉ ግፊት ላይም ውሃ ሲያስገባ በዓይን ይታይ።

ፓምፑ «አልሰራም» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ፓምፑ ሳይሆን ቼክ ቫልቩ ነው። ኳሱ ካልዘጋ ትኩስ ውሃ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ፓምፑ ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፣ ከዚያ ምቱ አየር ላይ ይቀራል። መቀመጫው ቀጥ ባለ መቁረጫ ይስተካከላል፤ አሮጌ ኳስ ይቀመጥና በነሐስ ዘንግ አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል፤ ያ ኳስ ተጥሎ አዲስ አይዝጌ ብረት ኳስ ይገባል። የተመታውን ኳስ መልሶ መጠቀም ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። የኢንጀክተሩ ኮኖች ደግሞ በሎሚ አሲድ (ሲትሪክ) ይነከሩ፤ በሽቦ ወግቶ ያሰፋቸው ሰው አዲስ ይግዛ።

ቶርኒተሩ

እሳት አንዳጁ ያለው ሁሉ ይግባ። የፒስተን ፋሻን በተመለከተ ረቂቁ «ኦሪንግ» (ክብ የጎማ ማሸጊያ) ብሎ ዘግቶታል፣ እኔ አልቀበልም። ኦሪንግ የሚሠራው የሲሊንደሩ ውስጥ ለስላሳና ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከሆነ ነው። ጭረት ካለ በጥቂት ሰዓት ይቆረጣል፤ ያኔ የግራፋይት ገመድ ፓኪንግ ይሻላል። ሳይለካ አይወሰን። ኦሪንግ ከተመረጠም ቫይተን የሚባለው ጎማ እንጂ ተራው የናይትራይል ጎማ አይሁን፤ ናይትራይል በእንፋሎት ሙቀት ይደርቃል። ቫይተን ያለበትን ፒስተን ግን ማንም በነበልባል አያሙቀው፤ ሲቃጠል ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይወጣዋል።

የግራና የቀኝ መንኮራኩሮቹ ከጀርባ እስከ ጀርባ (በውስጠኛ ፊታቸው መካከል) 119 ሚሊ ሜትር መሆናቸው ይለካ። የግራና የቀኝ ክራንኮች 90 ዲግሪ ካልጠበቁ አጣማሪ ዘንጎቹ በአንድ ቦታ ይነክሳሉ፤ ብዙ ሰው ቡሺንጉን በማስፋት «ይፈታዋል»። መፈተሽ ያለበት ክራንኩ ነው።

ገንዘብ ያዥ

የአስቤስቶሱን ምርመራና ማጽጃ አስገብቻለሁ። ቀለምን ግን ከምዕራፍ ሁለትም አውጥቼዋለሁ፤ በእንፋሎት ሳይሮጥ የተቀባ ሎኮሞቲቭ እንደገና መፈታቱ አይቀርም። የሚቃወም አለ?

እሳት አንዳጅ

እኔ አልቃወምም። የሥምሪት አንቀጹን እንዲህ አርቅቄዋለሁ፤ ጸሐፊው ያሳጥሩት፦

«ከመለኮስ በፊት ውሃው ከመለኪያ ብርጭቆው ሁለት ሦስተኛ ይደርሳል፤ ግፊት ሲይዝ የብርጭቆው ማፍሰሻ ተከፍቶ ይነፋል፣ ውሃው ወዲያው ካልተመለሰ መንገዱ ተደፍኗልና ሎኮሞቲቩ አይነሣም። እሳቱ ነጭ ጋዝ በጠጣ የእንጨት ከሰል ይለኮሳል፤ ጭስ ማውጫው ላይ የኤሌክትሪክ መሳቢያ (ጭሱን የሚስብ ማራገቢያ) ይቀመጣል፤ ግፊቱ 2 ባር ሲደርስ የራሱ መሳቢያ (በእንፋሎት የሚስበው) ይከፈታል። ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የሆነ የድንጋይ ከሰል ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይጨመራል። ሲነሣ የሲሊንደር ማፍሰሻዎች ክፍት ይሁኑ፤ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ አይጨመቅም፣ የሲሊንደሩን ክዳን ይሰብራል። ሬጉሌተር (ወደ ሲሊንደር የሚሄደውን እንፋሎት የሚከፍትና የሚዘጋው) ከመዘጋቱ በፊት መሳቢያው ይከፈት፤ አለዚያ ነበልባሉ በምድጃው በር ወደ ነጂው ይመለሳል። ውሃው ከብርጭቆው ከጠፋ እሳቱ ይጣል፤ ውሃ አይጨመር።»

የሴፍቲ ቫልቩ መስፈሪያም ይኑር፦ እሳቱ ሙሉ፣ መሳቢያው ክፍት፣ ሬጉሌተሩ ዝግ ሆኖ ግፊቱ ከ6.05 ባር አይለፍ፤ ማለትም ከሥራ ግፊቱ 10 በመቶ በላይ። ካለፈ ቫልቩ ለቦይለሩ ትንሽ ነው ማለት ነው፣ ስፕሪንጉን ማላላት መፍትሔ አይደለም።

እንፋሎት ቶሎ አልደርስ ካለ ከከሰሉ በፊት የጭስ ክፍሉ ይታይ። የአፈሙዙ (ከሲሊንደር የወጣው እንፋሎት ወደ ጭስ ማውጫው የሚወረወርበት) ቀዳዳ የሲሊንደሩ ስፋት አንድ ሰባተኛ፣ ለዚህ ሎኮሞቲቭ 5.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጭስ ማውጫው ጋር በአንድ መስመር መቆሙ በቀጥታ ዘንግ ይረጋገጥ። መሳቢያው ክፍት ሆኖ የሻማ ነበልባል በጭስ ክፍሉ በር ዙሪያ ሲዞር ወደ ውስጥ ከተሳበ በሩ አየር ያስገባል።

ጸሐፊ

የተስማማንበት እንዲህ ገብቷል፦ ምዕራፍ አንድ የአየር ምርመራ፣ የአስቤስቶስ ናሙና፣ ቦይለሩን ማውረድና ማጽዳት፣ የ8.25 ባር ፈተና፤ ምዕራፍ ሁለት ውጤቱ ከታወቀ በኋላ። ቀለም ወጥቷል። የስታኞው አንቀጽ «ከሦስት በላይ» እንዳለ ገብቷል። ፋሻው ሲሊንደሩ ተለክቶ ይወሰናል። የሥምሪቱ አንቀጽ አባሪ ይሆናል፤ አላሳጠርኩትም፣ የሚቆረጥ ቃል አላገኘሁበትም።

አንድ የቀረ፦ ፈተናውን ማን ይፈርም?

ቦይለር ፈታሽ

ሁለት ሰው፤ ከሁለቱ አንዱ በጥገናው እጁን ያላስገባ ይሁን። እኔ ቦይለሩን ካጸዳሁ ፊርማዬ ብቻውን አይበቃም።

ቶርኒተሩ

የነሐስ መዝጊያዎቹ ምዕራፍ አንድ ውስጥ አልተቆጠሩም። ከላይ የሚታዩትን ቆጥሬ ዘጠኝ ቀዳዳ አግኝቻለሁ፤ ጥርሶቹ ሲለኩ ልኩ ይለያል። ለዘጠኙም መዝጊያ ከነመዳብ ወሸራቸው፣ ለእጅ ፓምፑ አንድ ማገናኛ፣ ለሁለተኛው ማኖሜትር አንድ ማገናኛ ጨምሩ። ቶርኖው ላይ እኔ አወጣቸዋለሁ፤ ገንዘብ ያዥ የሚያስፈልገው የ16 ሚሊ ሜትር የነሐስ ዘንግ ግማሽ ሜትር ብቻ ነው።